ትንሿ ውሻዬ ስታክክ፦ ክትባቱንም መድኃኒቱንም ለየብቻ መጠየቅ

ቡቺ ከአራት ኪሎ ብዙም የማትበልጥ፣ ነጭ ጸጉር ያላት ትንሽ ውሻ ናት። ነጭነቷ ሕመሟን አይደብቅም፤ መዳፎቿን ደጋግማ ከመላሷ የተነሣ በጣቶቿ መካከል ያለው ጸጉር በምራቅ ተነክሮ ወደ ቀይ ቡናማ ተለውጧል፤ የብብቷ ቆዳም ቀልቷል። ማሳከኩ የበረታባት ክትባት በወሰደች ሰሞን ስለነበር «ይህ ሁሉ የክትባቱ ጣጣ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው ተነሣ፤ ለማሳከኩ የታዘዘላት እንክብል ደግሞ «ይህስ ምን ያስከትልባት ይሆን?» የሚል ሁለተኛ ጥያቄ አመጣ። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ መናገር የማትችል እንስሳ የሚያሳድግ ሰው ስለ እሷ ሆኖ መጠየቅ ግዴታው ነው። ነገር ግን ሁለቱ ተደባልቀው ሲጠየቁ ለአንዱም ትክክለኛ መልስ አይገኝም ብዬ አምናለሁ።

ከክትባቱ ልጀምር። ክትባት በአንዳንድ ውሾች ላይ አለርጂ እንደሚያስነሣ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለው ምላሽ አብዛኛውን ጊዜ መርፌው ከተሰጠ በኋላ በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይታያል፤ ፊት ያብጣል፣ ቆዳ ላይ ሽፍታ ይወጣል፣ ማስታወክና ተቅማጥ ሊከተል ይችላል፣ አልፎ አልፎም ውሻው ተዝለፍልፎ ይወድቃል። የትናንሽ ውሾች ባለቤቶች ከሌላው ይልቅ መጨነቃቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የታተመ፣ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ የተከተቡ ውሾችን መዝገብ የመረመረ ጥናት፣ በሦስት ቀናት ውስጥ ከየ10,000 ውሾች በ38ቱ ላይ የጎንዮሽ ጉዳት እንደተመዘገበ ያሳያል። አደጋው የውሻው ክብደት እያነሰ ሲሄድ ይጨምራል፤ በአንድ ቀን የሚሰጡት ክትባቶች ሲበዙም እንዲሁ። ቁጥሩ በጠቅላላው ከግማሽ በመቶ በታች ቢሆንም፣ የአራት ኪሎ ውሻ ያለው ሰው ይህን ይዞ ሐኪሙን ማነጋገሩ ብልህነት ነው።

ከዚህ ጥናት የሚወጣው ተግባራዊ ጥያቄ «ክትባቱ ይቅር ወይ?» ሳይሆን «ክትባቶቹ በተለያዩ ቀናት ይሰጡ ዘንድ ይቻላል ወይ?» የሚለው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለብቻው፣ ሌላው ደግሞ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንዲሰጥ መጠየቅ፣ ከመርፌው በኋላም ለግማሽ ሰዓት ያህል ከክሊኒኩ አለመራቅ፣ ብዙ ዋጋ የማያስከፍሉ ጥንቃቄዎች ናቸው። «ትንሽ ስለሆነች ግማሹን መጠን ስጧት» የሚለው ልመና ግን አያዋጣም። ክትባት እንደ ሌላው መድኃኒት በኪሎ የሚሰላ አይደለም፤ የሰውነትን መከላከያ ለመቀስቀስ የሚያስፈልገው መጠን ለትንሹም ለትልቁም አንድ ነው፤ ግማሽ መጠን የወሰደች ውሻ ተከተበች ተብላ ሳትጠበቅ ልትቀር ትችላለች።

ለወራት ከሚዘልቅ ማሳከክ ጋር ያለው ግንኙነት ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ አንድ ጥናት፣ በዘራቸው ለአለርጂ የተጋለጡ ቡችላዎች የቫይረስ ክትባት ወስደው ወዲያው ለአበባ ብናኝ ሲጋለጡ፣ ከአለርጂ ጋር የተያያዘው ፀረ እንግዳ አካል በደማቸው ውስጥ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ክትባትን የሚጠራጠሩ ሰዎች ይህን ሲጠቅሱ እሰማለሁ፤ ውጤቱንም ማጣጣል አልፈልግም። ይሁን እንጂ በደም ውስጥ ያለ መለኪያ ከፍ ማለቱና ውሻዋ ቆዳዋን እስክታቆስል ማከኳ አንድ አይደሉም። ደግሞም በዘር የሚመጣው የቆዳ አለርጂ ምልክቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ ይኸውም ውሻ በተደጋጋሚ ክትባት የሚወስድበት ዕድሜ ነው። ሁለት ነገሮች በአንድ ሰሞን ስለመጡ ብቻ አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይቻልም። ለይቶ ለማወቅ የሚረዳው የቀን መዝገብ ነው፤ ማሳከኩ ከየትኛው ክትባት በኋላ፣ በስንተኛው ቀን፣ በየትኛው ወቅት እንደበረታ በጽሑፍ ሲቀመጥ፣ በትዝታ የተያያዙ የሚመስሉ ነገሮች ብዙ ጊዜ ይለያያሉ።

ክትባትን ጨርሶ መተው ግን በእኔ ሚዛን ፈጽሞ የሚደገፍ አይደለም። ፓርቮ የተባለው የአንጀት ቫይረስ ያልተከተበ ቡችላን በጥቂት ቀናት ውስጥ በደም ተቅማጥ ሊገድል ይችላል፤ ዲስቴምፐር የተባለው ሌላው የቫይረስ በሽታ ከሞት የተረፈውን እንኳ የነርቭ ጉዳት ሊያስቀርበት ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻው አልፎ የቤተሰቡና የጎረቤቱ ጉዳይ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ፣ በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎችም 99 በመቶው በውሻ አማካይነት እንደሆነ ይገልጻል። መጠየቅ የሚገባው የድግግሞሹ ነገር ነው። የዓለም የትናንሽ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ፣ የፓርቮ፣ የዲስቴምፐርና የተላላፊ የጉበት በሽታ ክትባት በቡችላነት በአግባቡ ከተጠናቀቀና ማጠናከሪያው ከተሰጠ በኋላ ከሦስት ዓመት ባጠረ ጊዜ እንዳይደጋገም ይመክራል። ባክቴሪያ የሚያመጣውን ሌፕቶስፓይሮሲስን የመሰሉትን በሽታዎች የሚከላከሉት ክትባቶች ግን ጥበቃቸው አጭር ስለሆነ፣ አደጋው ባለበት ቦታ በየዓመቱ ይታደሳሉ። ለሦስቱ ዋና በሽታዎች በደም ምርመራ ጥበቃው መኖሩን ማየትም ይቻላል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ግን በብዙ ቦታ በሕግ የሚታዘዝ ስለሆነ፣ የደም ምርመራው ክትባቱን አይተካውም።

አሁን ወደ ማሳከኩ ልመለስ፤ ብዙ ድካም የሚጠይቀውም ይኸኛው ነው። ማሳከክ የብዙ በሽታዎች ምልክት ስለሆነ፣ ማሳከክን የሚያቆም መድኃኒት ከመፈለግ በፊት መንስኤውን መፈለግ ይቀድማል። መጀመሪያ ቁንጫ ነው። «እኛ ቤት ቁንጫ የለም» የሚለው መልስ በቂ አይደለም፤ ለቁንጫ ምራቅ አለርጂ ያላት ውሻ በጥቂት ንክሻ ብቻ እረፍት ልታጣ ትችላለች፤ ቁንጫዋንም አክካና ልሳ ስለምታስወግዳት በዓይን ላትገኝ ትችላለች። ጥርሱ የጠበበ የቅማል ማበጠሪያ ይዤ ከጭራዋ ሥር ያለውን ጸጉር አበጥርና፣ የወጣውን ጥቁር ብናኝ በረጠበ ነጭ ወረቀት ላይ አራግፈዋለሁ። ብናኙ አፈር ከሆነ እንዳለ ይቀመጣል፤ የቁንጫ ኩስ ከሆነ ግን የተፈጨ ደም ስላለበት በዙሪያው ቀላ ያለ ቡናማ ቀለም እየፈሰሰ ይሰፋል። ይህን ለማየት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ከቁንጫ ቀጥሎ እከክ አለ። የእከክ ተባይ በዓይን የማትታይ፣ ቆዳ ሰርስራ የምትገባ፣ ወደ ሰውም ለጊዜው ልትተላለፍ የምትችል ናት። የጆሮ ጠርዝን በጣት ይዞ እርስ በርሱ ሲያሹት ውሻዋ የኋላ እግሯን ለማከክ ካነሣች ሐኪሞች እከክን ይጠረጥራሉ። ቆዳ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ተባይዋ ብዙ ጊዜ ስለማትገኝ፣ «ምርመራው ንጹሕ ነው» መባሉ እከክ የለም ማለት አይደለም፤ ጥርጣሬው ከጠነከረ ሐኪሙ መድኃኒቱን ሰጥቶ ውጤቱን ማየትን ይመርጣል። ከዚያም በቆዳው ላይ የተደራረበ ባክቴሪያና እርሾ መሰል ፈንገስ አለ፤ የቆየ ቅባት የሚመስል ሽታ የሚያመጣውና አለርጂውን የሚያባብሰው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። በመስተዋት ቁራጭ ላይ በተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ በቀላሉ ስለሚታይ፣ ይህ ሳይመረመር ጠንካራ መድኃኒት ሲጀመር ባለቤት ለምን ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

ስለ መድኃኒቶቹ የምሰማው ክርክር ሁሉንም በአንድ ከረጢት የሚከት ስለሆነ ያሳዝነኛል። ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ ማሳከክን በፍጥነት ያበርዳል፤ ለአጭር ጊዜ ሲሰጥ ጥማት፣ ሽንትና ረሃብ ያበዛል፤ ለወራት ሲቀጥል ጡንቻ ያሳሳል፣ ሆድ ያንዘረጥጣል፣ ቆዳን ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፤ ብዙ ጊዜ ሲወሰድ የቆየን ደግሞ በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው። ኦክላሲቲኒብ የተባለው የማሳከክ እንክብል እንደ ስቴሮይድ ጥማት አያበዛም፤ ነገር ግን ከ12 ወር በታች ላሉና ከባድ ኢንፌክሽን ላለባቸው ውሾች አይሰጥም፤ የሰውነትን መከላከያ ስለሚነካም በየጊዜው የደም ክትትል ይፈልጋል። ሎኪቬትማብ የማሳከክን መልእክት የሚያስተላልፈውን አንድ ፕሮቲን ብቻ የሚያስር ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ በመርፌ ይሰጣል፤ ውጤቱም ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። መርፌ በመሆኑ ከክትባት ጋር የሚያምታቱት ሰዎች አሉ፤ ክትባት ግን አይደለም። የሰውነትን መከላከያ የሚያለዝበው ሳይክሎስፖሪን ሥራው እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል። የሰው ቤት ሁሉ የማያጣው የአለርጂ እንክብል፣ ማለትም ፀረ ሂስታሚን፣ በውሻ ላይ ያለው ውጤት ደካማ ነው። የቁንጫና የመዥገር መድኃኒቶችም ጥያቄ ይገባቸዋል፦ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 ፍሉራላነር፣ አፎክሶላነር፣ ሳሮላነርና ሎቲላነር በአንዳንድ ውሾች ላይ መንቀጥቀጥ ሊያመጡ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል። ስለዚህ ከዚህ በፊት የሚጥል በሽታ የታየባት ውሻ ባለቤት ይህን ሳይናገር መቀበል የለበትም።

ክትባትንና እንክብልን በጥብቅ የሚመረምሩ ሰዎች «ተፈጥሯዊ» ለተባለው ሁሉ በራቸውን ወለል አድርገው መክፈታቸው በጣም ያሳስበኛል። የሻይ ዛፍ ዘይት በተለይ ሳይበረዝ በትንሽ ውሻ ቆዳ ላይ ሲፈስ መንገዳገድ፣ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ሊያስከትል ይችላል፤ ውሻዋም ስለምትልሰው ጉዳቱ ይብሳል። ነጭ ሽንኩርት ቁንጫ ያባርራል ተብሎ ከምግብ ጋር ይሰጣል፤ በውሻ ደም ውስጥ ግን ቀይ የደም ሕዋሳትን ይጎዳል። የአራት ኪሎ ሰውነት ደግሞ ለስሕተት የሚተወው ቦታ ትንሽ ነው። አንድ ነገር መጠኑ ካልታወቀ፣ የጎንዮሽ ጉዳቱም ካልተጻፈ፣ ጉዳት የለውም ማለት ሳይሆን ማንም አልመዘገበውም ማለት ሊሆን ይችላል።

በአሁኑ ጊዜ ከሐኪሟ ጋር ተስማምተን የቁንጫ መከላከያዋን ዓመቱን ሙሉ ሳናቋርጥ እንሰጣለን፤ ማሳከኩ ሲበረታም በሐኪሙ የታዘዘውን በአነስተኛው ውጤታማ መጠን እንጠቀማለን፤ በዚህ መካከል የምግብ ሙከራ ጀምረናል። ለምግብ አለርጂ የሚደረጉት የደም ምርመራዎች ስለማይታመኑ፣ ፕሮቲኑ እጅግ ደቅቆ የተዘጋጀ ምግብ ብቻ ቢያንስ ለስምንት ሳምንታት ትበላለች፤ ከጠረጴዛ የሚወድቅ ፍርፋሪም ሆነ ጣዕም ያለው እንክብል ሙከራውን ያበላሸዋል። ጊዜው ሲያልቅ የቀድሞ ምግቧ ይመለሳል፤ ማሳከኩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካገረሸ መንስኤው ምግቡ ነው፤ ሙከራው ምንም ለውጥ ካላመጣ ደግሞ እንደ አቧራና አበባ ብናኝ ያሉ በአካባቢዋ ያሉ ነገሮች የሚያመጡትን አለርጂ ተቀብለን ስለ ረጅም ጊዜ መድኃኒትና ሰውነቷን ከአለርጂው ጋር ስለሚያለማምድ ሕክምና እንነጋገራለን። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷ በቀኑ፣ ለብቻው ይሰጣል፤ ሌላው ማጠናከሪያ ከእሱ ጋር በአንድ ቀን እንዳይደረብ በካርዷ ላይ ተጽፏል።