ሶስት ወር እስኪያልፍ አይወራም፣ አጥንቱ ግን አይጠብቅም

እኛ ደሴ እርግዝና ሆድ እስኪገፋ አይወራም፣ አይን አለ ምቀኛ አለ ይባላል፣ ባልና እናት ካወቁ በቂ ነው። ባህሉን ልነቅፍ አይደለም፣ ግን እንደኔ ፋርማሲ ውስጥ ለሚሰራ ሰው ከባድ ነው ምክንያቱም የፅንሱ አፅም ቅርፅ የሚይዘው በዚሁ በሚደበቀው ጊዜ ነው።

ከተፀነሰ በ4ኛው ሳምንት ገደማ የእጅና የእግር ቡቃያ ብቅ ይላል፣ 8ኛው ላይ ጣቶቹ ተለያይተዋል። ያኔ አብዛኛው ገና አጥንት አይደለም፣ እንደ ጆሯችን የሚተጣጠፍ ካርቲሌጅ ነው፣ በኋላ ደም ስር ይገባበትና አጥንት ሰሪ ሴሎች ካልሲየም እያስቀመጡ ያጠነክሩታል (የራስ ቅል ጠፍጣፋ አጥንቶች ካርቲሌጁን ዘለው በቀጥታ ነው የሚሰሩት)። ሲወለድ ካለው 30 ግራም ገደማ ካልሲየም ውስጥ አብዛኛውን የሚወስደው በመጨረሻዎቹ ሶስት ወራት ነው። ስለዚህ መርዝ ቀድሞ ከገባ ቅርፁን ያበላሻል፣ ዘግይቶ ከገባ እድገቱንና ጥንካሬውን ይነካል፣ ሰዉ ግን "ይሄ መድሃኒት ለእርጉዝ ይሆናል ወይ" ብሎ ነው የሚጠይቀው፣ ስንተኛ ሳምንት ላይ የሚለውን ማንም አያነሳውም።

ታሊዶማይድን እዩ። በፈረንጆቹ 1957 ጀርመን ውስጥ ለእንቅልፍ ተብሎ ወጣ፣ ለእርግዝና ማቅለሽለሽም ተወሰደ፣ 1961 መጨረሻ ላይ ከገበያ እስኪነሳ ድረስ ከ10,000 በላይ ህፃናት እጅና እግራቸው አጥሮ ወይም ጭራሽ ሳይኖር ተወለዱ። አደገኛው ጊዜ ከፅንሰት በኋላ ከ20ኛው እስከ 36ኛው ቀን ገደማ ነው። ወደኛ ቋንቋ ስናመጣው የወር አበባዋ አንድ ሳምንት ከቀረባት ጀምሮ እስከ ሶስት ሳምንት ድረስ ማለት ነው፣ ኸረ በዚህ ጊዜ እሷ ራሷ ላታውቅ ትችላለች እኮ! አይጦች ላይ ደሞ ያን ጉዳት አላሳየም፣ ጥንቸል ላይ ግን ታየ፣ ለዚህ ነው ዛሬ አዲስ መድሃኒት ከአይጥ ሌላ ጥንቸልም ላይ የሚፈተሸው።

ታሊዶማይድ ሩቅ ነው ካላችሁ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ዋርፋሪን ቅርባችን ነው፣ የልብ ቫልቭ ያስቀየሩ ሴቶች ይወስዱታል፣ ከ6ኛው እስከ 9ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ አፍንጫው የተደፈጠጠና የአጥንቱ ጫፍ ነጠብጣብ ያለበት ልጅ ሊያስወልድ ይችላል። ቴትራሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ደግሞ የኋላ ኋላ ነው ጉዱ፣ ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ አጥንትና ጥርስ ውስጥ ይቀመጣል፣ ልጁ ጥርሱ ቢጫ ሆኖ ይበቅላል።

ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ለብቻው ነው። ኮምቦልቻ አሮጌ ባትሪ ፈቶ የሚያቀልጥ ባል በስራ ልብሱ ብናኙን ቤት ይዞት ይገባል፣ የሚስቱ ሰውነት ካልሲየም መስሎት አጥንት ውስጥ ለአስርት አመታት ያከማቸዋል፣ ከዛ እሷ ስታረግዝ አጥንቷ ካልሲየም ሲለቅ ሊዱም አብሮ ይወጣና እንግዴ ልጁን አልፎ ፅንሱ ጋ ይደርሳል። እዚህ ላይ "ስንተኛ ሳምንት" የሚለው ራሱ አይሰራም፣ ከማርገዟ በፊት የተቀመጠ ነው።

ሌላው ችግር ደሞ መድሃኒቱን የምትወስደው ሴት ሱቃችን አትመጣም፣ ታናሽ ወንድሟ ነው የሚላከው፣ እሱ ምን ያውቃል። እኔ አሁን ስልክ ደውልላት እለውና ራሷን የወር አበባዋ መቼ እንደመጣ እጠይቃታለሁ። ልጁ ያፍራል፣ እሷም አንዳንዴ ትቆጣለች። የልብ ወይም የሚጥል በሽታ መድሃኒት ላይ ያላችሁ ግን ይሄን አንብባችሁ በራሳችሁ እንዳታቆሙ፣ ማቆሙ ራሱ ሊገድል ይችላል፣ ልጅ ስታስቡ ገና ሳታረግዙ ሀኪማችሁ ጋ ሂዱና በሌላ ይቀየር እንደሆነ ጠይቁ።