የዋዮሚንግ ንፋስና የጓደኛዬ ረጅም መስታወት

ከዴንቨር ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ የሚሄድ ሰው ተራራ ለተራራ ማለፍ ይችላል፤ እሱ መንገድ ያምራል። ወይም ደግሞ ወደ ሰሜን ወጥቶ በዋዮሚንግ ሜዳ አይ-80 የተባለውን አውራ ጎዳና ይይዛል። ይሄኛው ለዓይን ብዙ የለውም፣ ግን ያፈጥናል። የወዳጃችን ልጅ ክርስትና በማግስቱ ጠዋት ስለነበር እኛም ሜዳውን መረጥን። ከ500 ማይል በላይ ነው።

ሁለት ሰው፣ ሁለት ሞተር ነን። የኔዋ 650 ሲሲ ናት፤ ከፊቷ ያለው የንፋስ መከላከያ መስታወት ደረቴን እንኳ በቅጡ አይሸፍንም። የጓደኛዬ ትልቅ የሩቅ መንገድ ሞተር ነው። ከጉልበት እስከ ግንባር መከላከያ አለው። ከዴንቨር አጠገብ ካለችው ኦሮራ ስንነሳ «ዛሬ ንፋሱ ይጫወትብሃል» ብሎ ሳቀብኝ።

ሳይነጋ ነው የወጣነው። በዚያ አካባቢ ንፋሱ ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ረፋድ ካለፈ ነው። ፎርት ኮሊንስን አልፈን በመንገድ 287 እስከ ላራሚ በሰላም ደረስን። ላራሚ ከፍታዋ 2,180 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጥቂት ዝቅ ትላለች። ብርዱ ግን ያው የአዲስ አበባ የጠዋት ብርድ ነው።

ማደያው ውስጥ ጎማችንን ስንለካ አንድ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ከትልቅ መኪና ወርደው መጡ። መልካችንን አይተው በቀጥታ በአማርኛ ጀመሩን። አይ-80 ላይ ሐበሻ የትራክ ሹፌር ማግኘት ብርቅ አይደለም።

«ልጆቼ፣ በዚህ ነገር ነው ኤልክ ማውንቴንን የምታልፉት?»

«አዎ ጋሼ። ንፋስ አለ እንዴ?»

«መቼ ጠፍቶ ያውቃል! እኔ ሙሉ ጭነት ስይዝ ግድ የለኝም። ባዶ ተሳቢ ስጎትት ነው የምጸልየው። ስሙኝ፣ ንፋሱ የሚመጣው ከግራችሁ ነው። እኔም ስቀድማችሁ በግራ ነው። ጎናችሁ ስደርስ ንፋሱ ድርግም ይላል። ያኔ ሞተሩ ወደኔ ይመጣል። አልፌ ስሄድ ደግሞ እንደገና ይመታችኋል። እንዳትደነግጡ።»

ከዚህ የተሻለ ምክር በዚያ ቀን አላገኘንም። ነገሩ እንዲህ ነው። ንፋስ ከጎን ሲገፋህ ሳታስበው ሞተሩን ወደ ንፋሱ አዘንብለህ ነው የምትነዳው። መኪናው ድንገት ሲጋርድህ ንፋሱ ይጠፋል፤ ማዘንበልህ ግን አለ። ስለዚህ ወደ መኪናው ትሳባለህ። እሳቸው ይህን በመኪናቸው የጎን መስታወት እያዩ የተማሩት ይመስለኛል።

ከላራሚ እስከ ዋልኮት ያለው የአይ-80 ክፍል የተከፈተው በ1970 ነው። የድሮው መንገድ 30 እና የባቡሩ ሐዲድ ግን ወደ ሰሜን ዞረው በሮክ ሪቨርና በሜዲሲን ቦው ነው የሚያልፉት። የአካባቢው ሰዎች አዲሱ መንገድ በኤልክ ማውንቴን ግርጌ እንዳይሠራ አስጠንቅቀው ነበር። በረዶውንና ንፋሱን ያውቁታላ! የሮኪ ተራሮች ሰንሰለት ደቡብ ዋዮሚንግ ላይ ዝቅ ይላል፤ ከምዕራብ የሚመጣው አየር በዚያ ክፍተት ተጠራርጎ ያልፋል። መንገዱ ዳር እስከ ዛሬ ረጃጅም የእንጨት የበረዶ አጥሮች ተደርድረዋል። አርሊንግተን አጠገብ ካለው ኮረብታ ላይ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ይሽከረከራሉ።

ፍጥነቱ 75 ማይል ተፈቅዷል፤ 120 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። በ60 ማይል ስንሄድ የነበረው ንፋስና በ75 ያለው አይገናኙም። ፍጥነቱ በሩብ ጨመረ፣ የአየሩ ግፊት ግን ከግማሽ በላይ ነው የሚጨምረው። አንገት ይህንን ያለ ሒሳብ ይረዳዋል።

ከጎን ለሚመጣው ንፋስ መድኃኒቱ የሚገርም ነው፦ መሪውን አለመጨበጥ። ጉልበትን ከታንኩ ጋር ማጣበቅ፣ ክንድን ማላላት፣ በግራ መዳፍ ደግሞ የግራውን እጀታ በትንሹ ወደ ፊት መግፋት። ሞተሩ ራሱ ወደ ግራ ያዘነብልና ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መሪውን አንቆ የሚይዝ ሰው የራሱን መርበትበት ለጎማው ያቀብላል። ጃኬትም ማጥበቅ ነው። የሚርገበገብ እጅጌ ብቻውን ትከሻ ይጨርሳል።

እኔ ከኋላ ስለነበርኩ ጓደኛዬን አየዋለሁ። ሁለት ነገር ታየኝ። አንደኛ፣ ከዚያ ሁሉ መከላከያ ኋላ ሄልሜቱ ይንቀጠቀጣል። ሁለተኛ፣ መኪና ሲቀድም ፍጥነት በጨመረ ቁጥር የሞተሩ ጅራት ቀስ እያለ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። መሪው አይደለም የሚንቀጠቀጠው፤ ሙሉው ሞተር ነው የሚዋኘው። እሱም ገብቶት ነው መሰለኝ፣ ፍሬን ሳይነካ ጋዙን ለቀቅ ሲያደርግ ረጋ አለለት። እንደዚያ ነው መደረግ ያለበት።

ሮውሊንስ ላይ ቆምን። ሄልሜቱን ሲያወልቅ ፊቱ ቀልቷል። «ራሴ ሊፈነዳ ነው» አለ። እኔ አንገቴ ቢደክምም ራሴን አላመመኝም። በትንሽ መስታወት!

መጀመሪያ የኋላ ሣጥኑን ከፈትን። አምስት ኪሎ በርበሬ፣ ሽሮ፣ መፍቻዎች፣ ውሃ፣ ሁሉም ከኋላ ጎማው በስተጀርባ፣ ያውም ከፍ ብሎ ተቀምጧል። እዚያ ያለ ክብደት የፊት ጎማውን ያቀለዋል። ፊቱ የቀለለ ሞተር በፍጥነት ላይ መወዛወዝ ይወዳል። የጎማ ነፋስ ሲያንስ ወይም የመሪው ኩሽኔታ ሲላላም እንዲሁ ነው፤ የሱ ግን ደህና ነበሩ። ከባድ ከባዱን ወደ ጎን ሣጥኖቹ፣ ወደ ታችና ወደ ፊት አወረድን። ከላይ ጋቢ እና የክርስትናው ልብስ ብቻ ቀረ። በርበሬው ቦታ ሲቀይር የጎን ሣጥኑ እስከ ዛሬ መሽተቱን አላቆመም።

ቀጥሎ ሞተር ተለዋወጥን። ጥቂት ማይል እንደሄድኩ ምን እንደሚለው ገባኝ። ጭንቅላቴን ባዶ በርሜል ውስጥ ከትቼ ሰው ከውጭ በዱላ የሚደበድበው ነው የመሰለኝ። ደረቴ ላይ ምንም ንፋስ የለም፤ ሄልሜቴ ግን ይናወጣል፤ የመንገድ ምልክቱ ድርብ ሆኖ ይታየኛል። እየነዳሁ በእግር መርገጫው ላይ ብድግ አልኩ። ጸጥ! ንፋስ አለ፣ ግን የተስተካከለ ነው። ዝቅ ብዬ አገጬን ወደ ታንኩ አስጠጋሁ። እንደገና ጸጥ። ችግሩ መሀል ላይ ነው። ከመስታወቱ ጫፍ የሚነሳው አየር ተሰባብሮ እየተጠቀለለ የሚያርፈው ልክ ሄልሜቱ ላይ ነው። ከመስታወቱ ኋላ ግፊቱ ስለሚያንስ ደግሞ አየሩ ከጀርባ ዞሮ ወደ ፊት ይገፋል።

ሰው «ንፋስ አስቸገረኝ» ሲል ሱቁ ወዲያው ረጅም መስታወት ይሸጥለታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ንጹሕ ንፋስ በአንድ አቅጣጫ ይገፋል፤ እንዲያውም ደረትህን ደግፎ ከእጅ አንጓህ ላይ ክብደት ያነሳልሃል። የሚያደክመው የተረበሸው ነው። ወይ ሙሉ በሙሉ ከኋላው ልትሸሸግ የምትችልበት መስታወት፣ ወይ ሄልሜትህ ከጫፉ በላይ ንጹሕ አየር የሚያገኝበት አጭር። መሀል ላይ ያለው ዱላ ነው። ትልቁ መስታወት የጎን ንፋስ ሲመጣም የሚገፋው ሰፊ ገላ ይሰጠዋል።

ዋምሰተር ላይ ስንቆም ሞተራችንን መልሰን ተለዋወጥን፤ በአለን ቁልፍ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) የሱን መስታወት ሁለት ቀዳዳ አወረድኩት። ጓደኛዬ አላመነም። «ገንዘብ ከፍዬ ያስረዘምኩትን?» እያለ ቆመ። የጆሮ መሰኪያም ሰጠሁት። በዚህ ፍጥነት ሄልሜት ውስጥ የሚሰማው የንፋስ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል፤ አብዛኛው የሚገባውም ከአገጭ በታች ነው። ስለዚህ አንገቱ ላይ ስካርፍ ጠመጠመ። ሮክ ስፕሪንግስ ስንደርስ አውራ ጣቱን አነሳልኝ። ቃል ግን አልተነፈሰም።

ግሪን ሪቨር ላይ አጭር ዋሻ አለ። የጋሼ ትምህርት እዚያ ሌላ ፈተና መጣበት። ወደ ግራ አዘንብለን እየሄድን ዋሻው ገባን፤ ንፋሱ ጠፋ። ሁለታችንም እኩል ወደ ግራ መስመር ተንሸራተትን። ስንወጣ ደግሞ ተዘጋጅተን ጠበቅነው።

ከኢቫንስተን በኋላ ዩታ ነው። በኤኮ ካንየን ቀያይ ገደሎች መሀል ንፋሱ አቅጣጫው አይታወቅም፤ ከየጠመዝማዛው ይወጣል። እዚያ ፍጥነት መቀነስ ብቻ ነው። ማታ ሶልት ሌክ ገባን። በማግስቱ ሕፃኑ ሲጠመቅ ጓደኛዬ ቆሞ አንቀላፋ።

በዚያው መንገድ ስንመለስ ንፋሱ ከኋላችን ሆነ። በ75 ማይል እየሄድን ሰውነታችን ላይ የሚሰማን የ45 ያህል ነበር። ሄልሜቱ ዝም አለ፤ የሞተሩ ሙቀት እግራችንን ጠበሰው። ስንሄድ ሁለታችንንም ነዳጅ ያስቀዳንን ዋምሰተር ሳንቆም አለፍነው። ሮውሊንስ ስንደርስ የኔ ታንክ ገና ከግማሽ በላይ ነበር።