የገለዓድን ሴት ማን አወቃት?

«ዝም የሚሉ ብፁዓን ናቸው» የሚል ቃል በማቴዎስ ወንጌል ውስጥ የለም። በካናዳዊቷ ደራሲ በማርጋሬት አትውድ ልብ ወለድ፣ በ«ዘ ሃንድሜይድስ ቴል» ውስጥ ግን አለ። ለባለሥልጣናት ልጅ እንዲወልዱ የሚመደቡት ሴቶች በማሠልጠኛቸው ምሳ ሲበሉ፣ የተቀዳ የወንድ ድምፅ ብፅዓናቱን ያነብላቸዋል፤ በመካከሉም ይህችን ይሰነቅራል። ታሪኩን የምትነግረን ሴት ውሸት መሆኑን ታውቃለች። የተዘለለ ቃል መኖሩንም ታውቃለች። ነገር ግን የምታረጋግጥበት መንገድ የላትም። ልብ ወለዱ በአሜሪካ ቦታ በተካት በገለዓድ ሪፐብሊክ ለሴት ማንበብ ክልክል ነው፤ የሱቅ ምልክት እንኳ ፊደሉ ተነሥቶ ሥዕል ብቻ ቀርቶበታል። መጽሐፍ ቅዱሱ በሣጥን ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ከፍቶ የሚያነበው የቤቱ ጌታ ብቻ ነው።

እኔ አማኝ ነኝ። ከዚህ ቦታ ስደርስ ልብ ወለዱን አስቀምጬ ማቴዎስ 5ን ገለጥኩና ብፅዓናቱን አንድ በአንድ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። ለምን እንዳደረግሁት ያን ጊዜ አልጠየቅሁም። አሁን ሳስበው፣ ያቺ ሴት ማድረግ ያልቻለችውን ማድረግ ስለምችል ነው።

መጽሐፉን ያነበብነው በሜሪላንድ በምኖርበት ሰፈር፣ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሚሰበሰብ የንባብ ክበብ ነው። ይህን የምጽፈው ስለ መጽሐፉ ብቻ ሳይሆን፣ ሰዎቹ ስለ መጽሐፉ ስለተናገሩት ነው። እንዲህ የተለያየ ነገር የተሰማበት ስብሰባ አላስታውስም።

ውይይቱን የከፈተችው ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስታነበው የማይሆን ቅዠት መስሏት ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2022 ፅንስ የማቋረጥ መብትን ከሕገ መንግሥታዊ ጥበቃ ካወጣ በኋላ ግን ደግማ አንብባው እንቅልፍ አጣች። ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ ይህ እዚህ ሊሆን ይችላል? ጥያቄው ከመጽሐፉ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። አትውድ ራሷ እንደተናገረችው፣ መጽሐፉ በ1985 እና በ1986 ሲወጣ እንግሊዞቹ እንደ ጥሩ ተረት ተቀበሉት፤ ካናዳውያን «እኛ አገር ይሆን ይሆን?» ብለው ሰጉ፤ አሜሪካውያን ደግሞ «ምን ያህል ጊዜ ቀረን?» አሉ። ሁሉም አሜሪካዊ ግን አይደለም። ደራሲዋ ሜሪ ማካርቲ በየካቲት 1986 በኒውዮርክ ታይምስ በጻፈችው ሒስ፣ የማስጠንቀቂያ ልብ ወለድ አንባቢው የሚያውቀውን ነገር ሊያሳየው ይገባል፣ እኔ ግን በዚህ ውስጥ የማውቀውን አላገኘሁም በሚል መንፈስ ተችታዋለች።

ማካርቲ መመዘኛዋ ልክ ነበር እላለሁ። የሳተችው አንባቢ ሁሉ እንደ እርሷ የኖረ ስለመሰላት ነው። አትውድ መጽሐፉን በ1984 በምዕራብ በርሊን ስትጀምር፣ የሰው ልጅ በሆነ ቦታና ዘመን ያላደረገውን አንድም ነገር ላለማስገባት ደንብ አውጥታ ነበር። ስለዚህ በዚህ ምድር ላይ እያንዳንዱን ገጽ በአካሏ የምታውቅ ሴት አለች ማለት ነው። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያም ነበሩ።

አንደኛዋ ኢራን ተወልዳ ያደገች ናት። እነዚያ ሴቶች የሚለብሱትን ቀይ ቀሚስና ነጭ ቆብ ትታ ስለ ተራኪዋ ባል ስለ ሉቅ አወራች። ሰው ሁሉ የሚያልፈውን ቦታ ነው ያነሣችው። አዲሱ መንግሥት በአንድ ቀን ሴቶችን ከሥራ ያስወጣል፤ የባንክ ሒሳባቸውንም ያግዳል፤ ገንዘባቸው ለባላቸው ወይም ለቅርብ ወንድ ዘመዳቸው ይተላለፋል። ማታ ሉቅ ሚስቱን ያጽናናታል፤ ሁልጊዜ እንደሚንከባከባት ይነግራታል። እርሷ ግን አንድ ሐሳብ ይመጣባታል፦ ይህ ነገር አልከፋውም፤ ምናልባትም ወዶታል። ኢራናዊቷ እዚህ ስትደርስ ድምፅዋ ተቀየረ። በመጋቢት 1979 የቴህራን ሴቶች አስገዳጁን መሸፈኛ ተቃውመው አደባባይ ሲወጡ ታላቅ እኅቷ አብራ ወጥታ ነበር። ቤት ስትመለስ አባታቸው አልተቆጣም፤ አቅፎ «አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ» አላት። እኅቷ ከጠባቂዎቹ ጩኸት ይልቅ ዕድሜ ልኳን የማትረሳው ይህን ነው አለች።

እኔም እናቴን አሰብኩ። እናቴ ባገባች ጊዜ በኢትዮጵያ ይሠራበት የነበረው፣ በአገራችን አቆጣጠር የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርገዋል፤ ሚስት ከቤት ውጭ እንዳትሠራ መከልከልና የጋራውን ንብረት ማስተዳደርም ለባል የተሰጠ ሥልጣን ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን የሻረው በ1992 ዓ.ም. ነው። አባቴ ሥልጣኑን ተጠቅሞበት አያውቅም፤ እናቴ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ሠርታለች። ነገር ግን በዚያን ሁሉ ዓመት የሠራችው በአባቴ ደግነት እንጂ በራሷ መብት እንዳልነበረ የገባኝ ኢራናዊቷ ስትናገር ነው። ደግ ሰው ያገባች ሴት ሕጉን ሳታውቀው ልትሞት ትችላለች።

ከዚያ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት መምህርት ተናገረች፤ ውይይቱ መልኩን የቀየረው በእርሷ ነው። እንዲህ ብላ ጀመረች፦ ሁላችሁም ይህ ይሆናል ወይ ትላላችሁ፤ ይህማ እዚሁ ተደርጓል። በ1662 የቨርጂኒያ ምክር ቤት ልጅ የእናቱን ዕጣ እንዲከተል ደነገገ። ከባሪያ የተወለደ፣ አባቱ ጌታው ራሱ ቢሆን እንኳ፣ ባሪያ ነው። የሴቲቱ ማኅፀን የጌታው ሀብት ሆነ። በ1740 ደቡብ ካሮላይና ባሪያን መጻፍ ማስተማርን በሕግ ከለከለች። ልጅን ከእናት መንጠቅ፣ ስምን መቀየር፣ ከግዛት ለመውጣት የይለፍ ወረቀት መጠየቅ ሁሉ ከዚያው የመጣ ነው። ታዲያ በመጽሐፉ ውስጥ ጥቁር ሴቶች የት አሉ? «የካም ልጆች» ተብለው ወደ ሰሜን ዳኮታ ሲጋዙ በቴሌቪዥን ዜና በጥቂት መስመር ይጠቀሳሉ፣ አለቀ። መከራቸው ተወስዶ ለነጭ ሴት ተሰጠ፤ እነርሱ ግን ከታሪኩ ወጡ።

አንዳንዶች ገዥዎቹ ዘረኞች ስለሆኑ ከታሪኩ ሎጂክ ጋር ይሄዳል ብለው ተከራከሩ። ይህ እውነት ነው፤ መልስ ግን አይሆንም። መምህርቷ የጠየቀችው ገለዓድ ምን እንዳደረገች ሳይሆን ደራሲዋ ዓይኗን ወዴት እንዳደረገች ነው። መጽሐፉን በጣም እወደዋለሁ፤ በዚህ ግን መምህርቷ ልክ ናት። የማስፈራት ኃይሉ ያለው ካለፈው ነገር ላይ ከሆነ፣ ያለፈው የደረሰባት ሰው መታየት ነበረባት።

ሌላው ምላሽ የሃይማኖት ነገር ነው። በክበባችን አንድ ሰው «ሃይማኖት ሥልጣን ሲይዝ ይኸው ነው» ብሎ ዘጋው። በቤተ ክርስቲያን ደግሞ እንደ እናቴ የማያቸው አንድ እትዬ፣ መጽሐፉን ከቦርሳዬ ወጥቶ ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። ከመጽሐፉ የተሠራውን ተከታታይ ፊልም ልጃቸው ስታይ ጥቂት አይተዋል።

«ልጄ፣ የራሔልንና የባላን ነገር ለምን ያራክሱታል? የቅዱስ መጽሐፍ ታሪክ እኮ ነው» አሉኝ።

«እትዬ፣ የሚያራክሱት በታሪኩ ውስጥ ያሉት ገዥዎች ናቸው። ራሔል ልጅ እንድትወልድላት አገልጋይዋን ባላን ለያዕቆብ ሰጠች የሚለውን ይዘው ሕግ አደረጉት። ባላ ፈቅዳ እንደሆነ የጠየቀ የለም» አልኋቸው።

ዝም አሉ። እኔም ያ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ ፈርቼ አንድ ሌላ ቦታ ተረጎምኩላቸው። እነዚያ ሴቶች ምግብ በልተው ሲጨርሱ የሚደግሙት ቃል አለ፦ ከእያንዳንዷ እንደ ችሎታዋ፣ ለእያንዳንዱ እንደ ፍላጎቱ። ቅዱስ ጳውሎስ በሐዋርያት ሥራ የተናገረው ነው ይሏቸዋል።

እትዬ ቀና አሉ። «ይህማ የማርክስ ነው!» አሉ። በደርግ ጊዜ በመሥሪያ ቤታቸው የውይይት ክበብ ውስጥ ተቀምጠው ያጠኑት ነው። ከዚያም ቆየት ብለው፣ «በሐዋርያት ሥራ ለእያንዳንዱ እንደሚያስፈልገው ያካፍሉ ነበር የሚል አለ፤ እርሱን ይዘው ነው ያደባለቁት» አሉ። ልክ ናቸው፣ ምዕራፍ 4 ላይ ነው። ሰዎቹ ከመጽሐፉም ከመፈክሩም ቆርጠው እንዴት እንደሰፉት፣ ከሴት ወስደው ለወንድ እንዴት እንዳደረጉት ለማየት ከአንድ ደቂቃ በላይ አልፈጀባቸውም። በክበባችን ውስጥ ይህን ያስተዋለ አልነበረም። በአንድ ሕይወት ቅዳሴም የካድሬ ስብሰባም የተቀመጠ ሰው ብቻ የሚያየው ነገር ነው፣ የእርሳቸው ትውልድ ሰው።

ለዚያ «ሃይማኖት ይኸው ነው» ላለው ሰው ያሳየሁት ደግሞ ሌላ ገጽ ነው። በገለዓድ ጸሎት በስልክ ታዝዞ በማሽን ይታተማል፤ ማሽኑ በብረት ድምፅ ለራሱ ያነበንበዋል፤ ወረቀቱ ተመልሶ ገብቶ እንደገና ለሌላ ጸሎት ያገለግላል። በዚያችው አገር ያቺ ሴት ማታ ብቻዋን በክፍሏ ሆና አባታችን ሆይን በራሷ አንደበት፣ እየተደናቀፈች፣ እየጠየቀች፣ እየተቆጣችም ትጸልያለች። በመጽሐፉ ውስጥ ከልብ የሚጸልይ ሰው እርሷን እንጂ ገዥዎቹን አላየሁም። ሴቶችን በስውር የሚያሸሹት፣ ኩዌከሮች የሚባሉት ክርስቲያኖች፣ አማኞች ናቸው፤ ባፕቲስቶችም ገዥውን ይዋጋሉ። አትውድ ራሷም የተቃወመችው ሃይማኖትን ሳይሆን ሃይማኖት የጭቆና መሸፈኛ መሆኑን እንደሆነ ጽፋለች። ሰውየው ይህን ሰምቶ አልተለወጠም። እኔ ግን መናገር ነበረብኝ። እግዚአብሔርን ለእነዚያ ሰዎች ለቅቆ መሄድ ለእኔ የእነርሱን ሥራ መጨረስ ነው።

ስብሰባው ሊበተን ሲል የመጨረሻውን ክፍል አነበብን። ብዙዎቹ ተጨማሪ ማስታወሻ መስሏቸው ዘልለውት ነበር። ዘመኑ 2195 ነው። ገለዓድ ወድቃለች፤ ምሁራን ጉባኤ ተቀምጠዋል። አንድ ፕሮፌሰር የሴቲቱን ታሪክ በካሴት አግኝቶ አጥንቶታል። ይቀልዳል፤ አዳራሹ ይስቃል። በገለዓድ ላይ ለመፍረድ አንቸኩል ይላል። ብዙ የሚደክመው አዛዡ፣ ማለትም የሴቲቱ ጌታ፣ የትኛው ባለሥልጣን እንደነበር ለመለየት ነው። ከአዛዡ ኮምፒውተር ሃያ ገጽ ያህል ብናገኝ ኖሮ ብሎም ይቆጫል። ሙሉ ሕይወቷን ነግራው እርሱ የፈለገው የጌታዋን ወረቀት ነው! አትውድ የመጽሐፏን አንባቢ ራሷ መጽሐፉ ውስጥ አስቀምጣዋለች፤ ከሁሉም የከፋው አንባቢ እርሱ ነው። መምህርቷ ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለችና «እርሱን በደንብ አውቀዋለሁ» አለች።

ፕሮፌሰሩ ንግግሩን ሲጨርስ ጥያቄ ያለው አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ልብ ወለዱም እዚያ ላይ ያቆማል። ከጠረጴዛው ዙሪያ አንድ በአንድ የየራሳችንን ጥያቄ ተናገርን። የእኔ ይህ ነበር፦ ድንበር ሊሻገሩ ሲሉ ከእጇ የተነጠቀችው ሕፃን የት ደረሰች? በዚያ ሁሉ ምርምር መካከል ስለ ልጅቷ የጠየቀ ሰው ነበር ወይ? አትውድ ከ34 ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ «ዘ ቴስታመንትስ»ን ስታወጣ አንባቢዎች ስለ ገለዓድ የጠየቋት ነገር ሁሉ እንዳስጻፋት ተናግራለች። ከመጽሐፉ ሦስት ተራኪዎች አንዷ በገለዓድ ባለሥልጣን ቤት ያደገች ልጅ ናት። ለሚቀጥለው ወር የመረጥነው እርሱን ነው፤ መምህርቷም እንደምትመጣ ተናግራለች።