ሐኪሙ ሁለቴ ጠየቀኝ፣ ሁለቴ ዋሸሁት

ነገሩ የጀመረው በእህቴ የመልስ ፎቶ ነው። ጎንበስ ብዬ የሙሽራዋን ቀሚስ ሳስተካክል ከጎን አንስተውኛል። አገጬ ሁለት ሆኖ ወጥቷል። ወፍራም አይደለሁም፤ 58 ኪሎ ነኝ። የአባቴ ወገን አገጭ ነው፤ ብሮጥም ብጾምም ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

ቀሪው በሦስት ቀን አለቀ። የአገጭን ስብ በመርፌ ስለማሟሟት ቪዲዮ አየሁ፣ ደወልኩ፣ ቦሌ አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ሄድኩ፣ ለሦስት ዙር 24 ሺህ ብር ከፈልኩ። «ሆድሽንም ብንጨምርበት ቅናሽ እናደርግልሻለን የኔ ቆንጆ» አሉኝ። እሱን እንኳን እምቢ አልኩ።

ሳላነብ አልሄድኩም። ስብ የሚያሟሟው መድኃኒት ዲኦክሲኮሊክ አሲድ ይባላል። ሐሞታችን ውስጥም አለ፤ የበላነው ስብ እንዲፈጭ ይረዳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 የፈቀደው ለአገጭ ሥር ብቻ ነው። ለሆድ፣ ለክንድ፣ ለጭን አልፈቀደም። ይህን ሁሉ አውቄ ሄጄ፣ እኔን የሚወጉኝ ብልቃጥ ውስጥ ምን እንዳለ ሳልጠይቅ ተኛሁላቸው።

ልጅቷ ብልቃጡን ከመሳቢያ አወጣች። ጽሑፉ ኮሪያኛ ነው። የጎማ ክዳኑ ተበሳስቷል፤ ከእኔ በፊት ለሌላ ሰው ተቀድቶበታል ማለት ነው። ልትጀምር ስትል ስልኳ ጠራ። በጓንቷ አነሳችው፣ ስለ ቤት ኪራይ አወራች፣ ዘጋች፣ በዚያው ጓንት ሲሪንጁን ያዘች። አይቻለሁ። «እህቴ፣ ጓንትሽን ቀይሪ» ለማለት አፌን ያሠረኝ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ይሉኝታ! የገዛ አንገቴ ላይ!

የመጀመሪያው ሳምንት እብጠት የሚጠበቅ ነው፤ እንቁራሪት መስዬ በነጠላ ተሸፋፍኜ ከረምኩ። ጎደለ። ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ቆዳዬ ሥር ሽንብራ የምታክል ነገር በእጄ ዳሰስኩ። ከዚያ ሁለት ሆነች። ከዚያ ሐምራዊ ሆነችና ውሃ መሰል ነገር ማውጣት ጀመረች። ክሊኒኩ ጋ ስደውል «ኖርማል ነው፣ ማሳጅ አድርጊው» አሉኝ። አደረግኩ፤ ባሰባት። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቼ ዋጥኩ። ምንም።

ሆስፒታል ሄድኩ። እዚህ አገር አንገት አካባቢ እብጠት ይዞ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጠረው እጢ ቲቢ ነው። ወጣቱ ሐኪም ጥያቄውን ሁሉ ጠየቀ። ማታ ያልብሻል? ክብደት ቀንሰሻል? ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ? ቀጥሎ፦ «እዚህ ቦታ ላይ የተወጋሽው ነገር አለ?»

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ተረኛው ታካሚ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ካርዳቸውን ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል። እሳቸው እየሰሙ «አገጬ እንዲቀንስልኝ ተወግቼ ነው» እንዴት ይባላል? «የለም» አልኩ።

በመርፌ ናሙና ወሰዱ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ለቲቢ ምርመራ የሚደረገውን ቀለም የያዘ ባክቴሪያ ተገኘበት። የስድስት ወር መድኃኒት ልጀምር ሆነ። እናቴ ኩባያዬን ለየች፤ ማታ ማታ ስታለቅስ እሰማታለሁ። ከዚያ ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ምርመራ ቲቢ የለም አለ። ሐኪሙ ግራ ገባውና እንደገና ጠየቀኝ፤ «እርግጠኛ ነሽ፣ ምንም አልተወጋሽም?» አሁንም በሩ ክፍት ነው። አሁንም «የለም» አልኩ። በሆስፒታሉ በር እናደዳለሁ፤ በራሴ ግን የበለጠ።

ያዳነችኝ ነባሯ ሐኪም ናት። ስገባ ተነስታ በሩን ዘጋች። አንገቴን አየች። ተወግተሻል ወይ አላለችኝም። «የት ነው የተወጋሽው?» አለችኝ። አለቀስኩና ሁሉንም ነገርኳት።

ባክቴሪያው የቲቢ ዘመድ ነው፤ ውሃና አፈር ውስጥ ይኖራል፣ የቧንቧ ውሃ ውስጥም ሳይቀር። ንጽሕና በጎደለው መርፌ ወይም ብልቃጥ ቆዳ ሥር ይገባል። በማይክሮስኮፕ ከቲቢ ጋር ይመሳሰላል፤ የተለመደው የቲቢ መድኃኒት ግን አያጠፋውም። ቲቢ ላቦራቶሪ ውስጥ ለማደግ ሳምንታት ይፈጅበታል፤ የእኔው በአንድ ሳምንት ውስጥ አደገ። እብጠቶቹ ተቀደው ተጠረጉ። ለሳምንታት አሚካሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ተወጋሁ፤ ጆሮ ስለሚጎዳ የመስማት ምርመራም ነበረው። ክላሪትሮማይሲን ደግሞ አምስት ወር ሙሉ። አፌ ሁልጊዜ ሳንቲም ሳንቲም ይል ነበር።

ከዳንኩ በኋላ ክሊኒኩን ልከስ ወደ ተቆጣጣሪው ቢሮ ሄድኩ። ሰውዬው መዝገቡን አገላብጦ «ፈቃዳቸው ታድሷል እኮ» አለኝ። ታድሷል፣ አልታደሰም አላልኩም! ግድግዳው ላይም በፍሬም ተሰቅሏል፣ አንድም ቀን ባላየሁት ሐኪም ስም። ስለዚህ «ፈቃድ ያላቸው መሆኑን አረጋግጡ» የሚባለው ምክር ለእኔ ባዶ ነው። ሲሪንጁን የያዘችው ማን ናት? ምን ተምራለች? ብልቃጡ ፊታችሁ ይከፈት፤ ስሙንና ቁጥሩን በስልካችሁ አንሱት። ከተቆጡ ተነስታችሁ ውጡ፣ ብራችሁን ከፍላችሁም ቢሆን።

መርፌ አልጠላሁም። ጓደኛዬ ሹሩባ አጥብቃ እየተሠራች ግንባሯ ዳር ሲሳሳ ቆዳ ሐኪም ጋ ሄዳ፣ የራሷ ደም ተቀድቶና ተጣርቶ ተወግታለች፤ ጸጉሯ እየመጣ ነው። ሐኪሟ ግን መጀመሪያ ያስፈታት ሹሩባውን ነው። እኔን ማን ምን አስፈታኝ?

አሁን አገጬ ሥር ሁለት ጠባሳ አለኝ። ከጎን ሲያነሱኝ አገጬም እዚያው አለ። ለእንቁጣጣሽ ከክሊኒኩ መልእክት ደረሰኝ፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ቀሪ ሁለት ዙር አለሽ።»