የያሪሷ መሪና ሁለቱ ድምፆች

ጋራዥ ውስጥ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የማፍርበት ሥራ ብዙ የለኝም፣ ይቺኛዋ ግን እስካሁን ትቆጠቁጠኛለች።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰውዬ የ2007 ሞዴል ያሪስ ይዘው መጡ። የቤት መኪና መሆኗ ያስታውቃል፤ የኋላ ወንበሯ ብስኩት ፍርፋሪ ብቻ ነው፣ ወለሉ ላይ ደግሞ አንድ እግር የሕፃን ጫማ ወድቋል። «መሪው ይንኳኳል» አሉኝ። የት? «ኮብልስቶን ላይ።» ከዚህ በኋላ ምንም አልጠየቅኳቸውም። የአዲስ አበባ ኮብልስቶን ስንት ቴስቲና (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘውን መገጣጠሚያ) እንደበላ እኛ እናውቃለን።

ክሪክ አስገብቼ የፊት ጎማውን አነሳሁ፣ ግራና ቀኝ ይዤ ስወዘውዘው የግራው ቴስቲና ለቋል። ጣት ጣል ሲደረግበት ክፍተቱ ይታወቃል። በቃ አገኘሁት! መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ልጅ ተላከ፣ ዕቃው መጣ፣ ገጠምኩት፣ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) አሠሩ። አብረን ኮብልስቶን ላይ ወጣን፣ ጸጥ። ሰውየው እጄን ጨብጠው፣ ለልጆቹም የሻይ ሰጥተው ሄዱ።

ሐሙስ ተመለሱ።

«ባለቤቴ አሁንም ይጮሃል ትላለች። እኔ እንኳ አልሰማሁም። እሷ ጆሮዋ ትንሽ...» ብለው በእጃቸው ጨረሱት።

ይዤያት ወጣሁ። አስፋልት፣ ኮብልስቶን፣ ጉድጓድ፣ ፍጥነት መቀነሻ፣ ምንም። ተመልሼ ጋራዡ ውስጥ ላቆማት መሪውን ስጠመዝዝ ግን አንዴ «ቷ» አለ፣ እጄም ላይ ተሰማኝ። እጄ ላይ ስለተሰማኝ ብቻ ችግሩ መሪ ሳጥኑ ነው ብዬ ደመደምኩ። አጠገቤ የሚሠራው ልጅ «የመሪ ዘይቱን አይተኸዋል?» ይለኛል። እዚህች መኪና ላይ የመሪ ዘይት የሚባል ነገር የለም፤ መሪዋን የሚያግዛት ኤሌክትሪክ ሞተር ነው። እሱን አርሜ፣ በራሴ ኮርቼ፣ ለሰውየው የመሪ ሳጥን ዋጋ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ የደረሰበት ሰው ዝምታ ነው፣ ታውቁታላችሁ።

አለቃዬ ጥግ ላይ ሻዩን እየጠጣ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ መኪና ሥር የኖረ ሽማግሌ ነው፣ ብዙ አይናገርም።

«ድምፁን የሰማው ማነው?»

«ሚስታቸው።»

«ታዲያ እሷ የታለች?»

ቅዳሜ ሴትየዋ ሁለት ልጆቿን አስከትላ መጣች። አለቃዬ «መቼ መቼ ነው የሚጮኽብሽ ልጄ?» አላት። እሷም እንዲህ አለች፤ «ማታ ግቢ ሳስገባት ነው ጋሼ። በሩ ጠባብ ስለሆነ ቆሜ መሪውን እስከ ጥግ መጠምዘዝ አለብኝ። ያኔ ሽቦ አልጋ ላይ ሰው ሲገላበጥ እንደሚለው ይወጠር ይወጠርና ቷ ብሎ ይለቃል።»

አለቃዬ ፈገግ አለ። እኔ ገና አልገባኝም።

መኪናዋ መሬት ላይ እንደቆመች ሴትየዋን መሪ አስይዞ ቀስ ብላ እንድታዞር ነገራት፣ ኮፈኑን ከፈተና የእኔን እጅ ይዞ በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል አስገብቶ የፊቱ ሞላ ላይ አስቀመጠው። «ዝም ብለህ ዳስሰው።» ሞላው ጣቴ ሥር መዞር ሲገባው አልዞረም። ከታች እየተጠመዘዘ ከላይ ግን እንደተያዘ ቆየ፣ ቆየና እንደ ፈረስ ዘለለ። ቷ! ድምፁ ቦዲውን ይዞ ወደ ውስጥ ስለሚሄድ፣ ንዝረቱም በመሪው ዘንግ ስለሚወጣ፣ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ከመሪው የመጣ ነው የሚመስለው።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እንዲህ ዓይነት መኪና ላይ መሪ ሲዞር የፊት ሾካብዞርበሩ፣ ማለትም ንዝረት የሚያረግበው ዕቃ፣ እና ሞላው አብረው ይዞራሉ። በቀላሉ እንዲዞሩ የሚያስችላቸው ከላይ፣ ራሳቸው ላይ የተቀመጠ ጠፍጣፋ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ነው። እሱ ሲደርቅ ሞላው ተጠምዝዞ ይጠራቀምና በአንዴ ይለቃል። መንገድ ላይ መሪ የሚዞረው ጥቂት ጥቂት ስለሆነ አይሰማም፤ ቆሞ እስከ ጥግ ሲጠመዘዝ ነው የሚጋለጠው። (እየነዱ ሲያጥፉ «ቀ ቀ ቀ» የሚል ከሆነ ግን ሌላ ጉድ ነው፣ መጀመሪያ ሲቪ ጆይንቱን፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ለፊት ጎማ የሚያደርሰውን ዘንግ መገጣጠሚያ እዩ።)

ፈታነው። ሞላ መጭመቂያ ሳይዝ ይህን የሚነካ ሰው ካያችሁ ከአጠገቡ ራቁ፤ የተጨመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል። ኩሽኔታው ውስጥ ግራሶ የሚባል ነገር አልቀረም፣ የክረምቱ ጭቃ ገብቶበት እንደ ቡና አተላ ደርቋል፣ ጥይቶቹ (ውስጡ ያሉት የብረት ኳሶች) ዝገዋል። የቀኙም ባይጮህም ያው ስለነበር ሁለቱንም ቀየርናቸው። ለአንድ መሪ ሳጥን ከጠራሁት ዋጋ ጋር ስታስተያዩት ኩሽኔታዎቹ የሻይ መጠጫ ናቸው ማለት ይቻላል። ከዚያ እንደገና አላይመንት። አለቃዬ የእጅ ዋጋ አልተቀበለም፣ ከእኔ ላይ ግን ቆርጦታል።

ቴስቲናው በእርግጥ ለቆ ነበር፣ የሰውየውም ድምፅ እሱ ነበር። የሚያበሽቀኝም ይሄው ነው። አንድ እውነተኛ ብልሽት ስላገኘሁ ሌላ መፈለግ ተውኩ። ባልየው ቀን ቀን ኮብልስቶን ላይ የሚሰሙት ሌላ፣ ሚስቲቱ ማታ በሩ ላይ የምትሰማው ሌላ። እኔ ደግሞ ሁለቱንም «መሪው ይንኳኳል» በምትል አንዲት ቃል ጠቅልዬ ያዝኩ።

ሰውየው ባለፈው ሳምንት ፍሬን ይጮሃል ብለው መጥተው ነበር። ኮፈኑን ሳልከፍት፣ ከመኪናም ሳይወርዱ፣ ስልክ ደውለው በመስኮት አቀበሉኝ።

«እሷን ጠይቃት» አሉኝ።