ሃያ ሰው ምን ሊነግረን ይችላል? ስለ አረጋውያን ውሳኔ አሰጣጥ ጅምር ጥናቶች

«ሃያ ወጣትና ሃያ አረጋዊ አወዳድረን፣ ዕድሜ በውሳኔ ላይ ያለውን ተጽዕኖ እናሳያለን።» ለጅምር ጥናት (ከትልቁ ጥናት በፊት ለሚደረግ አነስተኛ ሙከራ) ይህን የሚል የድጋፍ ማመልከቻ ሲመጣ ገንዘብ ሰጪው መጀመሪያ ይህችን ዓረፍተ ነገር ያሰርዝ። በየቡድኑ 20 ሰው ሲኖር የሚገኘው ልዩነት፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት፣ ወደ ላይም ወደ ታችም 0.6 መደበኛ ልይይት (የሰዎች ውጤት ከአማካዩ በተለምዶ የሚርቅበት መጠን) ያህል ይዋዥቃል። እውነተኛው ልዩነት 0.3 ቢሆን ውጤቱ ከዜሮ በታችም፣ የእውነተኛው ሦስት እጥፍም ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ግማሽ መደበኛ ልይይት የሚያህል ልዩነትን በ80 በመቶ ዕድል ለመያዝ በየቡድኑ 64 ሰው ያስፈልጋል፤ 0.3 ለሆነው 176። ከአምስት አንዱ ያቋርጣል ከተባለ 64ቱ 80 ይሆናሉ። ከሃያዎቹ የተገኘውን ቁጥር ይዞ የትልቁን ጥናት ናሙና ማስላት ደግሞ ስህተቱን ማውረስ ነው።

የጅምር ጥናት ገንዘብ የሚገዛው ሌላ ነገር ነው። ስንት ሰው ተጠርቶ ስንቱ መጣ? ስንቱ እስከ መጨረሻው ቆየ? መመሪያው ገባቸው? የቱ ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ? የማቆሚያው መስፈርትም ሥራው ሳይጀመር ይጻፍ፤ ለምሳሌ «ከአሥር ስምንቱ ካልጨረሱ ፈተናው ይሻሻላል» ተብሎ። በዚህ ደረጃ ወጣቶቹን ጨርሶ መተው ይሻላል ባይ ነኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በቀላሉ ስለሚገኝ ብቻ ማወዳደሪያ ይሆናል፤ ያው ገንዘብ ከ60 እስከ 85 ዓመት ያሉ 40 ሰዎችን በደንብ ቢያይ ብዙ ያስተምራል።

ዋናው ችግር ያለው ፈተናው ላይ ነው። በ1994 የወጣው የአዮዋ የቁማር ፈተና አራት የካርታ ክምር አቅርቦ 100 ጊዜ ያስመርጣል፤ ሁለቱ ክምሮች ብዙ ሰጥተው የባሰ ይወስዳሉ። አንድ አረጋዊ ከመጥፎዎቹ ሲመርጡ ቢቆዩ አደጋ ወዳድ ሆነው ነው ወይስ የትኛው ክምር እንደሚጎዳ ለማስታወስ ተቸግረው? ፈተናው ብቻውን አይለይም። በ2011 የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር ትንተናም የዕድሜ ልዩነቱ ከፈተና ፈተና እንደሚለያይ አሳይቷል፦ ዕድሉ ተጽፎ ሲቀርብ ልዩነቱ ባብዛኛው ይጠፋል፣ ከተሞክሮ መማር ሲያስፈልግ ይታያል። ስለዚህ ሁለቱንም ዓይነት ለአንድ ሰው መስጠት ነው መፍትሔው። የጽሑፉ ዓይነት ሲዘጋጅ «2 በመቶ» ከማለት «ከ1000 ሰው 20» ይባል፣ ታችኛው ቁጥርም (እዚህ 1000ው) ከጥያቄ ጥያቄ አይቀያየር።

ከዚያ በፊት ግን ዓይን፣ ጆሮና እጅ አሉ። የዓይን ሌንስ በዕድሜ ቢጫ እየሆነ ስለሚሄድ ሰማያዊና አረንጓዴ ይቀራረባሉ፤ ትርፍና ኪሳራን በእነዚህ ቀለማት የለየ ስክሪን የሚለካው ዓይንን ነው። ፊደሉ ከ16 ነጥብ አይነስ፣ ጥቁር በነጭ ላይ ይሁን። ባለ ሁለት እይታ መነጽር ያደረገ ሰው አንገቱን ወደ ኋላ እንዳያዘነብል ስክሪኑ ዝቅ ይበል። ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ የማስጠንቀቂያው ድምፅ 500 ወይም 1000 ኸርዝ ላይ ቢሆን ይሰማል። ሦስት ሰከንድ ገደብ የተጣለበት ፈተና ደግሞ የዘገየውን ሁሉ «መልስ አልሰጠም» ብሎ ይመዘግባል፤ ገደቡ ይነሳ፣ ወይም ከእያንዳንዱ ሰው የልምምድ ፍጥነት ተነስቶ ይወሰን።

ገንዘብ በጊዜ የሚዘገይባቸው ጥያቄዎችም ወጥመድ አላቸው። «ዛሬ 100 ወይስ ከአሥር ዓመት በኋላ 300?» የተባሉ የ80 ዓመት ሰው 100ውን ቢወስዱ ትዕግሥት አጡ ሊባል አይችልም። ከሳምንት እስከ አንድ ዓመት ያለ ጊዜ ይበቃል።

የማስታወስ ምርመራ ማጣሪያ ሲሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሞካ (MoCA) የሚባለው አጭር የማስታወስና የማሰብ ምርመራ ከ30 ነጥብ 26ን ድንበር ያደርጋል፣ የ12 ዓመት ትምህርት ወይም ያነሰ ላላቸው አንድ ነጥብ ይጨምራል። ያ አንድ ነጥብ የትምህርትን ልዩነት ሁሉ አያካክስም። ከድንበሩ በታች ያሉትን ካባረራችሁ የቀረላችሁ የተማረው ክፍል ነው። ነጥቡ ይመዝገብ፣ ሰውየው ይቆዩ፤ ዝቅተኛ ውጤት ሲገኝ ማን እንደሚነግራቸውና ወዴት እንደሚልካቸው ግን አስቀድሞ ይወሰን።

ፈቃድ መስጠት የሚችሉ መሆናቸው በአራት ነገር ይታያል፦ የተባለውን መረዳት፣ ነገሩ እሳቸውን እንደሚመለከት ማወቅ፣ አመዛዝኖ ማሰብ፣ ምርጫቸውን መግለጽ። ቅጹን ሁለት ገጽ አድርጉትና «እስኪ በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ፣ መሐል ላይ ማቆም ቢፈልጉ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። አብሯቸው የመጣው ልጅ ቶሎ ብሎ ሊመልስ ይሞክራል፤ በትህትና ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ስለ ማጭበርበር የሚያጠና ቡድን ደግሞ ክፍያ ለመላክ ብሎ የባንክ ቁጥር በስልክ እንዳይጠይቅ! ይህን የሚረሳ አይጠፋም።

በጀት ላይ ቶሎ የሚቆረጠው ተሳታፊዎችን የሚያፈላልገው ሠራተኛ የሥራ ሰዓትና የትራንስፖርት ወጪ ነው፤ መቆረጥ የሌለበትም እሱ ነው። ቀጠሮው ጠዋት ይሁን፣ ከ90 ደቂቃ አይብለጥ፣ መሐል ላይ ዕረፍት ይኑረው፣ ዋዜማውን በስልክ ይታወስ። ድጋፉ ሁለት ጊዜ ተከፍሎ ቢሰጥ መልካም ነው፦ የመጀመሪያው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሲፈቅድ (የውል ጊዜውም ከዚያ ቀን ይቆጠር፣ ፈቃድ መጠበቅ ወራት ሊበላ ይችላልና)፣ ሁለተኛው የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዎች ካለፉ በኋላ። ከሁለተኛው ክፍያ በፊት አንድ ገጽ ሪፖርት ይጠየቅ፤ እምቢ ያሉት ስንት እንደሆኑና ለምን እንደሆነ የሚናገር። መስማት የተቸገሩ፣ የታመመ የሚያስታምሙ፣ ደረጃ መውጣት የማይችሉ በብዛት የሚገኙት እዚያ ገጽ ላይ ነው፤ ትልቁ ጥናት የምድር ወለል ክፍል ያስፈልገው እንደሆነ የሚታወቀውም ከእሱ ነው።