ገበታው ከተነሳ በኋላ ያለችው 20 ደቂቃ

የ12ኛ ክፍል ተማሪ የጥናት ፕሮግራም ሲያወጣ ብዙ ጊዜ ከትልቁ ይጀምራል፦ «ከነገ ጀምሮ በቀን 6 ሰዓት አጠናለሁ»። ሰኞ ይሳካል፣ ማክሰኞ ይጎድላል፣ ሐሙስ ላይ ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ከዚያ «እኔ የማጥናት ፍላጎት የለኝም» ይላል። ፍላጎት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው አንድ ጥያቄ ተሠርቶ መልሱ ሲገኝ ነው፤ ቀድሞ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው መቼም አይጀምርም።

ስለዚህ በ20 ደቂቃ ጀምሩ፤ ቤት ውስጥ በየቀኑ ከማይቀር ነገር ጋርም እሰሩት። «ከምሽቱ 1 ሰዓት» ብትሉ እንግዳ ይመጣል፣ እራት ይዘገያል። ገበታው መነሳቱ ግን አይቀርም፤ እንደተነሳ ተቀመጡ። ከመተኛታችሁ በፊት የነገዎቹን ጥያቄዎች ምልክት አድርጉና ደብተሩን ገልጣችሁ አስቀምጡ፤ «ምን ላጥና?» እያሉ ማገላበጥ ብቻውን 20 ደቂቃውን ይጨርሳል። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር በባትሪ የሚሠራ አምፖል ቀን ላይ ቻርጅ ይደረግ።

አንድ ቀን ቢያመልጣችሁስ? በ2010 እ.ኤ.አ. በታተመ፣ ለንደን ውስጥ በ96 ሰዎች ላይ በተሠራ ጥናት አንድ ነገር ልማድ እስኪሆን የሚፈጀው ጊዜ ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚደርስ ተገምቷል። አንድ ቀን መዝለል ያን ያህል አልጎዳም። የሚጎዳው «አንዴ ተበላሽቷል» ብሎ ሳምንቱን መተው ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን በ20 ደቂቃው ውስጥ የሚሠራው ነው። ኖት ደጋግሞ ማንበብና ማስመር የገባን ያስመስላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት ጽሑፉን ዘግተው ያስታወሱትን የጻፉት ነበሩ።

ፊዚክስን እንውሰድ። መኪና ከቆመበት ተነስቶ ፍጥነቱን በየሰከንዱ በ2 ሜትር በሰከንድ እየጨመረ ለ5 ሰከንድ ቢሄድ ስንት ሜትር ይጓዛል? የተሠራውን ምሳሌ ስታነቡ ሁሉም ግልጽ ነው። ደብተሩን ዘግታችሁ ስትሞክሩት ብዙ እጅ 2×5=10፣ 10×5=50 ብሎ ይጽፋል። 10 የመጨረሻው ፍጥነት ነው፤ መኪናው የተነሳው ከዜሮ ስለሆነ አማካዩ 5 ነው፣ መልሱም 25 ሜትር። ይህ ስህተት በማንበብ አይታይም፤ የሚወጣው ባዶ ወረቀት ላይ ነው።

ስህተቱን በተለየ ደብተር ላይ ቀን ጽፋችሁ መዝግቡት፦ ጥያቄው፣ የሠራችሁት፣ የተሳሳታችሁበት ምክንያት በአንድ መስመር። «ቸኩዬ ነው» ምክንያት አይሆንም፤ «የመጨረሻውን ፍጥነት እንደ አማካይ ወሰድኩ» ይሆናል። ያንኑ ጥያቄ በማግስቱ፣ በ3ኛው ቀን፣ ከሳምንት በኋላና ከወር በኋላ መልሱን ሳታዩ ሥሩት። የመጨረሻዎቹን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ካገኛችሁት እለፉት። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የተጠራቀመ ትምህርት በዚህ መንገድ ነው የሚያዘው፤ ፈተና ሲደርስ በጫትና በቡና ሌሊቱን ማንጋት የያዛችሁትን ያስጥላል፣ ምክንያቱም የተማርነው በአእምሮ የሚረጋው ስንተኛ ነው።

20 ደቂቃዋ ሁለት ሳምንት ሳትቸገሩ ከቆየች ወደ 30 ከፍ አድርጉ፤ ከዚያ 10 ደቂቃ አርፋችሁ ሌላ 30 ጨምሩ። ሁለተኛው ዙር የሌላ ትምህርት ቢሆን ይመረጣል።